ቀጮ መታጠቂያዋን የፈታች ቀን

ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። ያደነቁት ሰው ወይ ይኮራል፣ ወይ ድገሚልኝ ይላል። ቀጮን ግን ሳልወድ በግዴ አደንቃታለሁ። ስንት ዓመት የአንድ ሳፋ ግራና ቀኝ እጀታ ይዘን ኖረናል፤ ከባሌ ትንፋሽ ይልቅ የእሷን ትንፋሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራባት እኔው ቀጥ አድርጌ ባወራው ይሻላል ብያለሁ።

የምንሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እርጥቡ ቤትና ደረቁ ቤት። ደረቁ ቤት ያሉት ይተኩሳሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይደረድራሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ። እርጥቡ ቤት ያለነው ደግሞ ቦቲ ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ አድርገን ከማሽን ጋር ስንታገል እንውላለን። አንሶላው ታጥቦ ሲያልቅ ውሃውን እንደጠጣ ነው የሚወጣው። ያንን ሳፋ ሞልተን፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ የሚያዳልጠውን ወለል አቋርጠን ወዲያኛው ግድግዳ ሥር ወዳለው መጭመቂያ ማሽን እናደርሳለን። ሳፋው ትልቅ ሰው ገብቶ የሚታጠብበት ዓይነት ነው። እርጥብ አንሶላ ምን ያህል እንደሚከብድ ያላነሳው አያውቀውም፤ እንግዶቹማ ላዩ ላይ ተጋድመው ሲያንኮራፉ ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል።

ቀጮ ያልናት ቀጭን ስለሆነች ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የመጣች ቀን የእርጥቡ ቤት ኃላፊ፣ እትዬ አለቃ፣ ከእግር እስከ ራሷ አይተው «ይቺንማ አንሶላው ራሱ ጠቅልሎ ይወስዳታል» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንሶላ ስትጎትትና ስታራግፍ ያያት ሰው ክንዷ ውስጥ ሞተር አለ ይላል። አፏም ከእጇ አያንስም። ከአንሶላው እድፍ ተነስታ የእንግዳውን ጠባይ ትተነትናለች። «ይሄ ሰውዬ አልጋ ላይ ሩዝ የሚበላ ነው፤ ሚስቱ ብትፈታው አልፈርድባትም» ትልና ሳፋ እንደያዝን በሳቅ ስንፈርስ እትዬ አለቃ ከማሽኑ በላይ ይጮሁብናል።

እትዬ አለቃ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ልጇ የታመመባትን ሴት «ሂጂ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ» ብለው ሰድደው ሥራዋን ሲሠሩላት አይቻለሁ። ግን ሕግ አላቸው፤ ሙሉ ሳፋና መታጠቂያ። ሳፋው ከጎደለ «ግማሽ ሳፋ የግማሽ ሰው ነው» ይላሉ። መታጠቂያው ደግሞ ከተጣለ አንሶላ በቁመቱ የሚቀደድ ጨርቅ ነው። ሆድና ወገብ ላይ ዞሮ ዞሮ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ ተጠብቆ ይታሰራል። «ውስጥሽን ይይዝልሻል» ይባላል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ ነገር ደግሞ ማንም ደፍሮ አይነካውም። ወልዳ የተመለሰች ሴት ራሷ አትታጠቅም፤ እትዬ አለቃ ናቸው በእጃቸው የሚያስሩላት። ክብር ነው። እኔንም አስረውኛል።

ቀጮ ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ልጁ ጎረምሳ ሆኖ ነው የተወለደው ማለት ይቻላል፤ ምጡም እንደ ልጁ ትልቅ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ እትዬ አለቃ ከተጣሉት አንሶላዎች መሃል ምርጡን ፈልገው ቀደዱላት፣ ጉልበታቸውን ወገቧ ላይ ደግፈው ጥብቅ አድርገው አሰሯትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «አሁን ሰው ሆንሽ» አሏት። ሁላችንም እልል ማለት ነበር የቀረን።

ከዚያ በኋላ ግን ቀጮ ቀጮን መምሰል አቆመች። መጀመሪያ የጠፋው ሳቋ ነው። ቀልድ ስነግራት ፈገግ ትልና እግሯን አጥብቃ ትገጥማለች። ስታስነጥስ ግድግዳ ትይዛለች። ከሰዓት በኋላ ሲሆን የተገለበጠ ሳፋ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ያቺ ቁጭ በይ ሲሏት እንኳን የማትቀመጥ ሴት! ከባሏ ጋር ተጣልታ መሰለኝና በልቤ ሰውየውን ረገምኩት። የማያውቀውን እርግማን ስንት ቀን ተሸከመ፣ ምስኪን።

አንድ ቀን ሙሉውን ሳፋ ይዘን መንገድ ላይ ሳለን እጀታውን ለቀቀችው። ሳፋው ወለሉን መታው፣ ውሃው ቦቲያችን ውስጥ ገባ፣ የታጠበው አንሶላ ሁሉ ቆሻሻው ላይ ተዘረገፈ። እትዬ አለቃ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም። ቀጮ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ካልሲዬ ርሷል።

«ሊወጣ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እኔ እንጃ። ውስጤ።»

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሁሉን ነገረችኝ። ስትታጠብ በእጇ ነክታዋለች፤ ለስላሳ፣ የተላጠ እንቁላል የመሰለ ነገር። ጠዋት የለም፤ ቆማ ስትውል ይመጣል። ታችኛው ሆዷ ድንጋይ እንደተንጠለጠለበት ይከብዳታል። ስትስቅና ስታስል ሽንቷ ያመልጣታል። ለባሏ አልነገረችም፣ ለእናቷ አልነገረችም፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ትዞራለች። «መጥፎው በሽታ ቢሆንስ?» አለች። «ልጁ እኮ ገና ጡት ነው የሚጠባው።» አንጀቴን በላችው።

«ታዲያ እስካሁን ምን አደረግሽለት?»

«መታጠቂያውን አጠበቅሁት። ሲወርድብኝ አጠብቃለሁ።»

«ስታጠብቂስ?»

አሰብ አደረገችና «ይብሳል» አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በማግስቱ እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ በፈቃዷ አልመጣችም፣ በጉልበት ነው። ያየቻት ሲስተር ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር የድካም ጥላ አለ፣ ድምፅዋ ግን የማይቸኩል ነው። ከመጋረጃው ጀርባ መርምራት ስትጨርስ እጇን እየታጠበች ተናገረች።

«ማህፀንሽ ከቦታው ወረድ ብሏል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፤ ስለማይወራ ነው ብቻሽን የመሰለሽ። ካንሰር አይደለም። አትሞቺበትም።»

ቀጮ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስሠራ፣ ጣቷ በማሽን በር ተይዞ እንኳን ስታለቅስ አላየኋትም ነበር። ሲስተሯ ሶፍት አቀበለቻትና «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለቻት። ነገረቻት። «እስቲ እዚያ ጥግ ያለውን ባልዲ እንደ ሥራ ቦታሽ አድርገሽ አንሺልኝ።»

ቀጮ ኩራቷ ተመለሰ። መታጠቂያዋን ጎተት አድርጋ አጠበቀች፣ ጉንጯን ነፋች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ጥርሷን ነከሰች። ገና ጎንበስ ስትል ሲስተሯ «ተይው! ተይው!» ብላ ዘላ ያዘቻት።

ከዚያ ከመሳቢያዋ የራሷን የጥርስ ሳሙና አወጣች። ክዳኑን ከፈተችና መሃሉን ጨበጠችው። ሳሙናው በአፉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። «መሃሉን ሳንቀው የት ይሄዳል? ክፍት ወደ ሆነው ነው። ከታች ሁሉን ተሸክሞ የሚይዝልሽ ጡንቻ አለ። በምጥ ተለጥጧል። አንቺ ደግሞ ከላይ ታስሪዋለሽ፣ ትንፋሽሽን ትይዢና ትጫኚዋለሽ። ይሄ ጨርቅ አልያዘልሽም፤ ገፍቶ ሲያወርድብሽ ነው የከረመው።»

«እህ!» ያልኩት እኔ ነኝ። የራሴ መታጠቂያ ከቀሚሴ ሥር ድንገት ጠበበኝ።

ሲስተሯ ለስላሳ፣ የሚተጣጠፍ ቀለበት መርጣ ውስጧ አስገባችላት፤ ከሥር ሆኖ ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል። እንዴት እንደምታወጣው፣ እንደምታጥበውና እንደምትመልሰው አሳየቻት፤ በቀጠሮዋ እየመጣች እንድትታይም አስጠነቀቀቻት። ቀጥላ ጡንቻውን የምታጠነክርበትን አስተማረቻት። «ፈስና ሽንት ባንዴ መጥቶበት ሰው ፊት የሚይዝ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ አድርጊ። ትንሽ ያዢው። ከዚያ ሙሉ ለሙሉ ልቀቂው፤ መልቀቁም እንደ መያዙ ነው። ሆድሽን አትጨብጪ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ።» ሆዷ እንዳይደርቅ ውሃ እንድትጠጣ፣ ሽንት ቤት እንዳታምጥ፣ ሲደክማት በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ከፍ እንድታደርግ ነገረቻት። ዕቃ ስታነሳም ትንፋሿን እያወጣች። ይሄ ሁሉ ካልበቃ ቀዶ ጥገና አለ፤ ግን አሁን አይደለም።

«ሙሉ ሳፋስ?» አለች ቀጮ።

«አይሆንም።»

«ሥራዬ እኮ እሱ ነው።»

«ታዲያ ሥራው ይለወጥ» አለች ሲስተሯ፣ እትዬ አለቃን ስለማታውቃቸው።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ አናጢ ነው፣ ዝምተኛ። «እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «አንተ ጣትህን በመዶሻ ስትመታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የኔ በየት በኩል ነው የሚጮኸው?» አለችው።  በማግስቱ ውሃ የሞላውን ጀሪካን ሁሉ እሱ ተሸከመ፤ የልጁንም አልጋ እግር ቀጥሎ ከፍ አደረገው፣ ሳትጎነበስ ልጁን እንድታነሳ። ይሄን ስሰማ የረገምኩትን እርግማን በሙሉ መልሼ ወሰድኩ።

ያን ጠዋት ቀጮ ያለ መታጠቂያ ሥራ ገባች። እርጥቡ ቤት ውስጥ ያለ መታጠቂያ የታየች ሴት ጉብኝት የመጣች ትመስላለች። እትዬ አለቃ ወዲያው አዩ።

«መታጠቂያሽስ?»

«ፈትቼዋለሁ።»

«ምነው? ጨርቁን ናቅሽው?»

«አልናቅሁትም። ማህፀኔ ወርዷል። መታጠቂያው እያወረደው ነው።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የተናገረችው፣ በሁላችንም ፊት፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ። ክው አልን። አንዷ የያዘችውን በረኪና ማስቀመጥ ረሳች። እትዬ አለቃ ፊታቸው ቀላ። «ይሄ ሰው ፊት የሚወራ ነው? ገመናሽን ያዢ እንጂ!»

«እትዬ፣ እኛ የሰው ገመና ስናጥብ ነው የምንውለው። የማናውቀው ሰው አንሶላ ላይ ያላየነው ነገር የለም፤ አንድም ቀን አላፈርንም። በራሳችን ገላ ነው የምናፍረው?»

 እትዬ አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ ዝቅ ሲሉ ነው የሚያስፈሩት። «ሙሉ ሳፋ የማታነሳ ሴት እዚህ ቦታ የላትም። ደረቁ ቤት ሞልቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሥኩሽ፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ሳፋውን ታነሺዋለሽ፣ ወይ ወደ ቤትሽ።»

ነገሩ ይሄ ነበር። ካነሳችው ውስጧ ይወርዳል፤ ካላነሳችው የምትወደውን ሥራ ታጣለች። ትወደዋለች፣ አዎ፤ ሰው እርጥብ አንሶላ ይወዳል ወይ ብትሉኝ ቀጮን አላያችኋትም።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሳፋውን እኔና ሌላ ሴት ተሸከምን። ቀጮ ማሽኑ አፍ ላይ ቆማ አንሶላውን እያየች ታስባለች። ድንገት «ቤት ሲሠራ ጡቡን እንዴት ነው የሚያወጡት?» አለችኝ።

«እየተቀባበሉ።»

«ተሸክመው አይሮጡም?»

«እብድ ካልሆኑ።»

«እኛ ታዲያ ምን ሆነን ነው?»

ሐሳቧ ይሄ ነው፤ ሳፋው ይቅር። አንዷ ማሽኑ አፍ ላይ ትቁም፤ አንሶላውን ጫፉን ይዛ አንድ በአንድ ትሳበው። ቀጥላ ያለችው ትቀበላት፣ ለቀጣይዋ ታቀብል፣ እስከ መጭመቂያው ድረስ። ማንም እርጥብ ወለል ላይ ሸክም ይዞ አይራመድም። ስትስቢ ደግሞ ትንፋሽሽን ታወጫለሽ፣ «እፍ» እያልሽ።

ሳቅንባት። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ግን የሳፋ ጥንዷ ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ ቆምኩላት። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ይሉኝታ ይዟቸው ገቡ። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ፤ አንሶላው ይወድቃል፣ ዳግም ይታጠባል፣ አንዷ ስትወረውር ሌላዋ ፊቷን ታዞራለች። እኔን አንድ የጠረጴዛ ልብስ ከነውሃው ፊቴን መታኝ። እትዬ አለቃ ክንዳቸውን አጣምረው «ጨዋታችሁን ስትጨርሱ ንገሩኝ» አሉ።

ቀጮ ወይ ፍንክች። ትንሽ ቆይቶ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ታየ። ሳፋ ውስጥ የተጠቀጠቀ አንሶላ እርስ በርሱ ተጠማዞ ገመድ ይሆናል፤ መጭመቂያው ጋ ደርሰን እሱን ስንፈታ ነበር ጊዜያችን የሚያልቀው። አሁን አንድ በአንድ ሲሳብ ውሃው እዚያው ማሽኑ ከንፈር ላይ ይንጠፈጠፋል፣ አንሶላውም ቀጥ ብሎ፣ ቀሎ ይደርሳል። እጃችን ሲለምድ ከሳፋው ባንፈጥንም አልዘገየንም። ሲመሽ ደግሞ ወገባችን ነበረ፤ ሌላ ጊዜ ሲመሽ ወገብ የሚባል ነገር አይኖረንም። ደረቁ ቤት ያሉት ብቻ «እፍ፣ እፍ» ስንል እየሰሙ «ሾርባ ነው እንዴ የምትጠጡት?» ብለው ይዘባበቱብን ነበር።

ሁሉም ነገር እያማረ ሄደ እንዳይመስላችሁ። አንድ እሑድ ልጇን አዝላ ደረጃ ወጣችና ያ ክብደት ተመልሶ መጣባት። በማግስቱ ልብስ መቀየሪያው ወለል ላይ ተጋድማ፣ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ አገኘኋት። በንዴት ታለቅሳለች። «ገላዬን ጠላሁት» አለችኝ። «ልጄን ማዘል እንኳን ነፈገኝ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

«በሞቴ እንቁላል አታንሺብኝ!» አለችና፣ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ያን ሳቅ ከወለደች ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ስትስቅ እግሯን አልገጠመችም፤ ግድግዳው ላይ ስለነበረ ይሆናል፣ ግን እኔ ደስ አለኝ። ከዚያ ተነሳች፣ ሽርጧን አደረገች፣ ቦታዋ ሄዳ ቆመች።

መልመጃውንም አልተወችም። ሥራ ላይ ሆነን ወሬዬን በጣም በትኩረት የምትሰማኝ ትመስላለች፤ ዓይኗ ትክ ይላል፣ ቅንድቧ ትንሽ ብድግ ይላል። «እየሠራሽው ነው፣ አይደል?» እላታለሁ። «ዝም በይ፣ ይለቀቅብኛል» ትለኛለች። የማወራው ወሬ ሁሉ ጆሮዋ እንዳልገባ ያኔ ገባኝ።

በዚህ መሃል ነው ጎረቤቶች የበዙት። መጀመሪያ በረኪናዋን ማስቀመጥ የረሳችው ሴት ቀጮን ጥግ ይዛ «አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ስታስነጥስ ያመልጣታል። ምን ታድርግ ብዬ ነው» አለቻት። ቀጮ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ለጎረቤቷ የሚሆነውን ሁሉ ነገረቻት፣ የጤና ጣቢያውንም አቅጣጫ ጨምራ። በማግስቱ ሌላዋ መጣች፤ የእሷም ጎረቤት ነች። ከዚያ ከደረቁ ቤት ተኳሿ መጣች፤ ጎረቤቷ ከወለደች በኋላ ባሏን ትሸሻለች። ቀጮ አንዷንም አላሳፈረችም። ለእኔ ብቻ «ሁላችንም አንድ ሰፈር ነው እንዴ የምንኖረው?» አለችኝ። አንድ በአንድ መታጠቂያቸው ላላ፤ ከዚያ ጠፋ። የታጠቁት እትዬ አለቃ ብቻ ቀሩ። ለነገሩ የኔም ጎረቤት ጤና ጣቢያ ሄዳ መጥታለች።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ጠዋት እትዬ አለቃ ሲገቡ ያንን ትልቁን ሳፋ ራሳቸው ጎትተው መሃል ወለል ላይ አቆሙት። ቀጮ ቀረበች። ሞልተው «አንሺ» ሲሏት ምን እንደምትል ሌሊቱን ሙሉ ስትለማመድ እንዳደረች ነግራኛለች።

«አላነሳውም፣ እትዬ» አለች ገና ሳይጠይቋት። «እየተቀባበልኩ ሥራዬን ልሥራ፤ ሥራዬ ከጎደለ ያባርሩኝ። ሳፋውን ግን አላነሳውም። እርስዎም ባያነሱት ደስ ይለኛል።»

እትዬ አለቃ ሳፋውን እዚያው ተዉትና ሄደው ማሽኑ አፍ ላይ፣ የቀጮ ቦታ ላይ ቆሙ። የሚቀባበለው ሰልፍ ከንቱ መሆኑን በራሳቸው እጅ ሊያሳዩን እንደሆነ ገባን። የመጀመሪያውን አንሶላ ሳቡ። ቀጮ ተቀበለቻቸው። «ትንፋሽዎን ያውጡ» አለቻቸው በቀስታ። ገላመጧት። ሁለተኛውን ሳቡ። አሁንም «ያውጡ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ «እፍ» ሲሉ ሰማን። ማንም አልሳቀም፤ የሳቀች ሴት ብትኖር እኔ ነበርኩ የማንቃት።

እትዬ አለቃ ሁልጊዜ ምሳ በልተው ሲጨርሱ «ሳሙና ልቆጥር» ብለው ዕቃ ቤት ይገባሉ፤ በሩን ዘግተው ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። ኃላፊ ናቸውና ማንም አይጠይቅም። ያን ቀን ግን አልገቡም። ምሳ በልተው ተመልሰው ማሽኑ አፍ ላይ ቆሙ፣ እስከ መጨረሻው አንሶላ ድረስ። ቀጮ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

ሥራ አልቆ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባን። እትዬ አለቃ በሩን ከኋላቸው ዘጉና «ማንም እንዳይወጣ» አሉ። ቀጮን በሁላችን ፊት ሊያሰናብቷት ነው አልኩ በልቤ። እሷም እንደዚያ መስሏታል፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ያን ቀን ሰው ፊት ስትናገሪ አልፈራሽም?» አሏት።

«እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እትዬ።»

«አላየሁም።»

«ሽርጡ ሸፍኖት ነው።»

እትዬ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱና መታጠቂያቸውን መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው በውሃ ጠብቆ አልፈታ አላቸው። ሁላችንን የሚያስሩት እነዚያ እጆች የራሳቸውን አቃታቸው። ቀጮ ቦርሳዋን አስቀምጣ ተንበረከከችና ፈታችላቸው፤ ጨርቁ ዞሮ ዞሮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ጎረቤት የለኝም» አሉ እትዬ አለቃ፣ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገው። «የራሴ ነው። ዕቃ ቤት የምገባው ሳሙና ልቆጥር አይደለም። የሳሙና ካርቶን ላይ ተኝቼ እስኪመለስ ነው የምጠብቀው።»

ቀጮ እንደተንበረከከች ቀና ብላ አየቻቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እትዬ?»

«ከሁለተኛው ልጄ።»

 ሁለተኛ ልጃቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ ሊወስዳቸው በር ላይ ይጠብቃል፤ ራሱ መላጣ ነው፣ የቀረችውም ጸጉር ሸብታለች።

ቀጮ ተነሳች። አላለቀሰችም፣ አልመከረችም፣ ነግሬዎት ነበር አላለችም። ኮታቸውን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

«ሲስተሯ ደግ ናት» አለቻቸው። «ነገ ጠዋት በር ላይ እጠብቅዎታለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።»